ጣት የሌለው ጓንት

ኮሎምበስ፣ ኢስትሙር
ኖቬምበር 3 ቀን 2024

ለአክስቴ ልጅ፣ ለእህቴ ሙሚና፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም አክስቴንም በጤና ያግኛችሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአክስቴ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ዱዓዋ አይለየኝ በይልኝ።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ቴሌግራሜ ከቤቱ ታብሌት ጋር አንድ ነው፤ የገባው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ብልጭ ይላል፣ ባሌ አብዱረሂም ያየዋል። ብደውል ደግሞ አክስቴ ስልኩን ትቀማሻለች። ስለዚህ ጋሼ ሙሐመድኑር ደሴ ሲመጡ በሳቸው እጅ ላክሁልሽ። መልሱንም በሳቸው ላኪልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዱረሂም ስኪ ጀምሯል። ስኪ ማለት በሁለት እግር ረጃጅም ሳንቃ አስሮ ከኮረብታ ላይ በበረዶ መንሸራተት ነው። አገሩ ሜዳ ነው፤ ግን አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ አንዲት ጉብታ አለች፣ ሰማዩ በረዶ እምቢ ሲል በማሽን እየነፉ ያለብሷታል። ዓምና ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ዋለ። ዘንድሮም ሊደግመው ከአሁኑ ጫማውን እየወለወለ ነው።

ለብቻው ቢሄድ ምን ቸገረኝ። ያስለመደችው ሲና የምትባል፣ ሪከንባከር መጋዘን ከሱ ጋር አንድ ሺፍት የምትገባ፣ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና የምትነዳ ያገራችን ልጅ ነች። በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ያደገች ናት። ባሏን ፈትታ ሚነርቫ ፓርክ የሚባል ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። የኛ መኪና ጎማ ለበረዶ አይሆንም ተብሎ የሚሄዱት በሷ መኪና ነው። መጥፎ ነገር አየሁ አልልም። ግን ሙሚና፣ መኪናዋ በራችን ላይ ስትቆም መጋረጃውን ገልጬ እስኪሄዱ አያቸዋለሁ።

ዓምና አንድ ቀን እኔም እሄዳለሁ ብዬ ተነሳሁ። እጄን ታውቂው የለ፣ ልጆች ሆነን ቦሩ ሜዳ ስንሄድ ያንቺ ብብት ውስጥ ነበር የማሞቀው። እዚህ መጋዘን ፍሪዘር ክፍል ከሠራሁ ወዲህ ብሶበታል። ብርድ ሲነካቸው ጣቶቼ እንደ ሻማ ይነጣሉ፣ ይደነዝዛሉ፤ ሲሞቁ ደግሞ ያቃጥሉኛል። ሐኪሙ አሙቂው ከማለት በቀር ምንም አልሰጠኝም። የዚያን ቀን ያጠለቅኩት ጓንት ጠባብ ነበር፤ ጠባብ ደግሞ ደሙን ጭራሽ ያግደዋል ለካ። ግማሽ ሰዓት ሳልቆይ ጣቴን ማጠፍ አቃተኝ። ካፌው ውስጥ ተቀምጬ በመስኮቱ መስተዋት አየኋቸው። ወደ ላይ የሚወስደው ወንበር ለሁለት ሰው ነው። ጎን ለጎን ሆነው እግራቸውን እያወዛወዙ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ጓንት መግዛት ሆነ። የቆዳ ገዛሁ፣ ውሃ ገባበት። በባትሪ የሚሞቅ ገዛሁ፣ ባትሪው ከኔ ቀድሞ በረደ፣ ሪተርን ብዬ ለሱቁ መለስኩት። ሲና ራሷ ናት "ላንቺ ግላቭ አይሆንሽም፣ ሚትን ነው፤ ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ሰፋ ያለ ሽፋን" ያለችኝ። የራሴን ላውስሽም አለች። የሷን ከማጠልቅ ጣቴ ይቆረጥ። ሽፋኑን ገዝቻለሁ፣ የውስጡን አንቺ ሥሪልኝ፤ ራስሽ ከፈተልሽው የበግ ጠጉር። ሚትን ማለት ጣት የሌለው ጓንት ነው። ልኩን እንድታውቂው እጄን ከታች ወረቀቱ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን አስምሬልሻለሁ።

ዘንድሮ ካፌ ውስጥ አልቀመጥም።

እህትሽ ሃጀር


ደሴ፣ ሸዋ በር
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሃጀር፣

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ ከብርዱም ከሐሳቡም ይሰውርሽ። እማማ ጉልበቷ ከደሴ ዳገት ጋር እንደተጣላ ነው፤ ዱዓውን ግን ተቀምጣም ታደርገዋለች፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ያልገባኝ ነገር አለ። ሰውዬው በወንበር ይወጣል፣ በሳንቃ ይወርዳል፣ ደግሞ በወንበር ይወጣል። ላይ ምን ጠፍቶበት ነው? እዚህ የጦሳ ተራራ አለልን፣ ቁልቁል የሚወርድ ሰው እንጨት ተሸክሞ ነው የሚወርደው።

ስለ ሴትየዋ የነገርሽኝ ገብቶኛል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እኔ ግን ምን አገባኝ። በመስተዋት እያዩ መዋል ምን እንደሚመስል ብቻ ለኔ አትንገሪኝ።

ጓንቱን ሠርቻለሁ። የጥቁሯን በግ ጠጉር ሁለቴ አጥቤ፣ አመልምዬ፣ በእንዝርት ፈትዬ ነው። አንጓው ላይ ረዘም አድርጌዋለሁ፣ ብርድ የሚገባው በዚያ ነውና። ጠርዙን በቀይ ክር ዞርኩት። ጣት የሌለው ስላልሽ ጣት የሌለው ነው። ልኩ ካሰመርሽው እጅ ጋር እኩል ነው፤ ቀለበትሽ እንኳ ከነጉብታዋ ወረቀቱ ላይ ትታያለች።

ያቺ ሲና ቁመናዋ እንዴት ነው? ቀይ ናት? አብዱረሂምስ ወፍሯል አሉ፣ እውነት ነው? የቅርብ ጊዜ ፎቶ የለሽም?

ሙሚና


ኢስትሙር
ዲሴምበር 29 ቀን 2024

ሙሚና፣

ሰላም ለቤቱ ይሁን፣ ለአክስቴም።

ጋሼ ሙሐመድኑር ሳጥኑን ዓርብ ዕለት ሰጡኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሲና መኪናዋን አስነስታ በር ላይ ትጠብቃለች፣ አብዱረሂም ሳንቃውን ይጭናል፣ እኔ ሳጥኑን ቀድጄ አጠለቅኩት። አስሩም ጣቶቼ ብቅ አሉ። እንደ ባጃጅ ሾፌር። አብዱረሂም አይቶ ፈገግ አለ፣ ሲናም አየችኝ።

ሌላ ስላልነበረኝ በዚያው ሄድኩ። ከላይ ሽፋኑን ደረብኩበት፤ መዳፌ ሞቀ፣ ጣቶቼ ሁለተኛው ዙር ላይ ነጡ። እንደገና ካፌ ገባሁ። በዚያው ወንበር፣ በዚያው መስተዋት።

ሚትን ማለት አራቱ ጣት አንድ ቤት የሚገቡበት፣ አውራ ጣት ብቻ ለብቻዋ የምትሆንበት ነው። ጣቶቹ ሳይለያዩ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ጫፉ ድፍን ነው እንጂ ክፍት አይደለም፤ ይኸው ጣቶቼን ገጥሜ እንደገና ከታች አስምሬዋለሁ። ይሄን የማታውቂ አይመስለኝም። እኔ ሳልናገር ሐሳቤን ታውቂ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ክፉ መናገር አልፈልግም፤ ግን ሽማግሌ ለአብዱረሂም አንቺን ሊጠይቅ መጥቶ እኔን ይዞ በመሄዱ ያኔ ያላልሽኝን ነገር አሁን በመርፌ ያልሽኝ መስሎኛል። ሳቅሽን ደሴ ላይ ሆነሽ የምሰማው መስሎኛል።

ሥራሽን ሳልቬሽን ለሚባለው የእርዳታ ድርጅት ከሚሰጠው ልብስ ጋር ከረጢት ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ሃጀር


ደሴ
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃጀር፣

አላህ ልብሽን ያረጋጋው፣ የኔንም። ቶሎ ያልመለስኩት ተናድጄ ነው፤ ምክንያት አልፈልግለትም።

እጅሽን አምስቱንም ጣት ዘርግተሽ አስምረሽ ላክሽ። ጣት የሌለው ጓንት ሥሪልኝ አልሽ። እዚህ ጣት የሌለው ጓንት ቢባል ልጅም ሽማግሌም የሚያውቀው አንድ ነው፤ የባጃጅ ልጆች ብር እየቆጠሩ እንዳይበርዳቸው የሚያጠልቁት፣ ጣት የሚያስወጣው። እኔ ቤት እየመጡ የሚገዙኝ እነሱ ናቸው። ያንቺን ከሁሉም አሳምሬ ሠራሁት። እናንተ ጋ ጣት የሌለው የሚባለው ጣት የሚደብቀው ከሆነ እኔ በምን ልወቀው?

ቀንተሽ ነው ላልሽኝ፣ አዎ ቀንቻለሁ። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ቤቱ የተለቀለቀው ለኔ ነበር፣ ሂናውን የሞቅሁት እኔ ነበርኩ። አንቺ ሰሃን ልታጥቢልን ነበር የመጣሽው። በሁለተኛው ሳምንት ታናሺቱን፣ አንቺን፣ ስጡን ብለው ሲመለሱ በመስኮት ሆኜ ነው የሰማሁት። ሠርግሽ ላይ ጨፍሬያለሁ። ፎቶሽ በመጣ ቁጥር እማማ ግድግዳ ላይ ስትለጥፈው ምስማሩን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። እቀናብሻለሁ፣ ሃጀር። ግን ቅናቴ ሌላ ነው፣ እጄ ሌላ ነው። ከእጄ የወጣ ሥራ ሰው አያበርድም።

አሁን የላክሽው ሥዕል ጣቶቹ ገጠም ብለው ስለሆነ ገብቶኛል። ወደ እናንተ በምትመጣው በጎረቤታችን በሮሃ እጅ ልኬልሻለሁ። ድርብ ነው፤ ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ ከውስጥ ጣቶችሽ እንዲላወሱ። አይጥበብሽ። ሐኪምሽ ባይነግርሽ እኔ ልንገርሽ፣ እጅ ብቻውን አይሞቅም፤ ደረትሽንና አንገትሽን ሸፍኚ። እርጥብ እጅሽን እንዳትከቺበት። ከቤት ሳትወጪ በፊት አጥልቂው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ጓንት ብርዱን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

የመጀመሪያውን ከረጢት ውስጥ መክተትሽን ለእማማ አልነገርኳትም።

ሙሚና


ኢስትሙር
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2025

ለውዷ እህቴ ለሙሚና፣

አሰላሙ አለይኩም፣ ከሙሉ ዱዓ ጋር። ረመዳንን በጤና ያድርሰን። በዚያኛው ደብዳቤ የጻፍኩትን አላህም አንቺም አውፍ በሉኝ።

ትናንት ሄጄ ነበር። ያልሽኝን ሁሉ አድርጌ፤ ቤት ውስጥ አጥልቄ፣ አንገቴን ሸፍኜ። ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በኋላ ነው የወጣሁት። እጄ ሞቀ፣ ሙሚና። አንዴ ጣቴን ከውስጥ ነካክቼ ልቤን አሳረፍኩ፤ ከዚያ በኋላ እጅ እንዳለኝም ረሳሁ። የልጆቹ ሜዳ ላይ ስወድቅ ስነሳ ዋልኩ። በወንበሩም ከአብዱረሂም ጋር ወጣሁ። ሲና ከኋላችን ባለው ወንበር ብቻዋን ነበረች።

ምሳ ሰዓት ላይ የሆነውን ስሚ። ሲና ሚትኗን ስታወልቅ ከሥሩ ያንቺ ጓንት። ጥቁሩ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው። አብዱረሂም ከከረጢቱ አውጥቶት ኖሯል፣ ይጣላል እንዴ ብሎ ወስዶ ሰጥቷታል። ፎርክሊፍት ላይ ስክሪን ለመንካት ተመቸኝ፣ ሥራ ላይም አላወልቀውም አለችኝ። ማን ነው የሠራው ብላ አገላበጠችው። የኔ እህት ናት አልኳት፤ ልቤ ግን አውልቂ ሊላት ደርሶ ነበር። ስድብ ጽፌ የጣልኩትን ነገር በሷ እጅ ላይ አየሁት። የኔ ልክ ነው፣ የኔ እጅ ወረቀት ላይ ተሰምሮ የተሠራ ነው። ሌላ ላዝዛት ወይ አለችኝ፣ ጊዜ የላትም አልኳት። እንዳትሠሪላት።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽና ልዝጋ። ከሰዓት አብዱረሂም ከላይ ሲመጣ እግሩ ተምታታና እኔ አጠገብ መጥቶ ተዘረረ። ጢሙ ሁሉ በረዶ ሆነ። ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ አፉን ከፍቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። እኛ ቤት እንዲህ ስቆ አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ የቀናሁት በሴትየዋ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በዚያ ሳቅ ነው፣ እኔ በሌለሁበት በሚስቀው።

አሁን የምለምንሽ ለሱም አንድ ሥሪልኝ። ከኔ ጋር አንድ ዓይነት፣ ጥቁር፣ ጠርዙ ቀይ፣ ሚትን። የሚያየን ሰው ሁሉ የማን እንደሆነ እንዲያውቅ። የእጁን ልክ አስምሬ እልክልሻለሁ።

እህትሽ ሃጀር


ኢስትሙር
ጁን 8 ቀን 2025

ለሙሚና፣

ዒድ ሙባረክ፤ ለአክስቴም ለጎረቤቱም። የፌብሩዋሪው ደብዳቤዬ አልደረሰሽም እንዴ? ሮሃ ደሴ ስትመለስ በእጇ ሰጥቻታለሁ ብላኛለች።

የአብዱረሂምን እጅ አላስመርኩም። ዘርጋልኝ ስለው ለምን አለኝ፤ ሙሚና ጓንት ልትሠራልህ ነው አልኩት። እጁን ሰበሰበ። "አሁንም ሹራብ ትሠራለች?" አለኝ። እኔ ትሠራለች አልኩት፣ ወሬውም በዚያው ቀረ። "አሁንም" የምትለዋ ግን ከጆሮዬ አልወጣችም። ድሮ ሹራብ ትሠሪ እንደነበር በምን አወቀ? እኔ ነግሬው አላውቅም።

ካልተመቸሽ ይቅር። ከገበያ እገዛለታለሁ።

ሃጀር


ደሴ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሃጀር፣

አላህ ትዳርሽን ያጽናልሽ፤ ይህን ከልቤ ነው ያልኩት፣ እያቃረኝም ቢሆን ከልቤ ነው።

ሁለቱም ደብዳቤ በጊዜው ደርሶኛል። ሳልመልስ የቆየሁት በሥራ ብዛት አይደለም። የሳቁን ነገር ስትጽፊልኝ ወረቀቱን አጥፌ ምንጣፉ ሥር ከተትኩት፤ ክረምቱ አልፎ ቤት ሲጸዳ ነው እንደገና ያነሳሁት።

ያንን ሳቅ እኔ አውቀዋለሁ። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት እንግዶቹን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። አንቺ ጓዳ ነበርሽ። እሱም አባቱን ተከትሎ መጥቶ ነበርና፣ እሱ ጋ ስደርስ ኩስኩስቱን አብዝቼ አዘነበልኩትና ክዳኑ ሳህኑ ውስጥ ወደቀ፤ ውሃው ሱሪው ላይ ተረጨ። አባቱ ሲቆጡ እሱ ሳቀ። ልክ እንደጻፍሽው፣ አፉን ከፍቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ክዳኑን ከውሃው አውጥቶ ሰጠኝና ያን ቀን የለበስኩትን ሹራብ አይቶ "ራስሽ ነሽ የሠራሽው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ከሱ ጋር የተነጋገርነው ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። በምን አወቀ ላልሽው መልሱ ይህ ነው፤ ከዚያ የበለጠ አትፈልጊበት።

ጓንቱን በጋሼ ሙሐመድኑር ልኬዋለሁ። ጥቁር፣ ጠርዙ ቀይ፣ አራቱ ጣት አንድ ቤት፣ እንዳልሽው። እጁን አታስምሪልኝ። እጁን ዘርግቶ ውሃ ያፈሰስኩበት ሰው ነው፤ መዳፉ ሰፊ ነው፣ አውራ ጣቱ አጭር ነው፣ የቀኙ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ጎበጥ ትላለች። በዚያ ልክ ሠርቼዋለሁ።

ለሲናም አንድ ጥንድ ልኬያለሁ፤ ጣት የሚያስወጣውን። ሥራዬን ያልጣለች እሷ ናት። አትቆጪ።

ሙሚና


ኢስትሙር
ዲሴምበር 21 ቀን 2025

ሙሚና፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አክስቴን ሳሚልኝ።

ጓንቱ ደርሷል። የሲናን ሰጥቻታለሁ፣ አመስግኚልኝ ብላለች፤ ደስ የምትል ሴት ናት፣ ዘንድሮ በሷ መኪና ሦስታችንም ነው የምንሄደው።

የአብዱረሂምን ባለፈው ሳምንት ከሥራ ገብቶ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሲወስደው በቀስታ አጠለቅኩለት። ልክ ነው። አውራ ጣቱ ጋ እንኳ ትርፍ የለውም። ከዚያ አውልቄ እጁን አየሁት። ትንሿ ጣቱ ትጎብጣለች። ይህን ሁሉ ዓመት ከሱ ጋር ስኖር አውራ ጣቱ አጭር መሆኑን የሰማሁት ካንቺ ነው።

ከነቃ በኋላ "የሙሚና ጓንት እስካሁን አልመጣም?" አለኝ። የሙሚና ጓንት ነው ያለው። አልመጣም አልኩት። ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከትርፉ ብርድ ልብስ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ትናንት ከኮረብታው ስንመለስ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ሲተነፍስበት ነበር፤ የገበያው ጓንት ውሃ አስገብቶበታል። ብርድ ጣት ላይ ምን እንደሚያደርግ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሻይ አፍልቼ ሰጠሁት፣ እጁንም በሁለት እጄ ይዤ እስኪሞቅ ድረስ ቆየሁ።

ጓንቱን ግን አልሰጠሁትም።

ሃጀር